ባለቤቱ ይጠቀስ

የሕክምና አጻጻፍ ደንብ አሥራ አንደኛው እትም ድሬዳዋ የገባው አንድ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትከር ነው። በጥላ ሕክምና ማዕከል የገልባጮች ክፍል ውስጥ አዲስ እትም ሲመጣ ወግ አለ፤ ሁሉም የጆሮ ማዳመጫውን ያወልቃል፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፣ የቀረው ይራገማል።

የገልባጭ ሥራ ለመናገር ቀላል ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን እያየ ያወራል። ገልባጩ የሐኪሙን ወሬ ወደ ደንበኛ ዓረፍተ ነገር ይገለብጣል። አራሚው ዓረፍተ ነገሩን ይመዝንና አረንጓዴ ወይም ቀይ ያበራል። አረንጓዴ ሲበራ የመድኃኒት ሳጥኑ ይከፈታል፣ አልጋው ይለቀቃል፣ በሽተኛው ይታከማል። ቀይ ሲበራ ምንም አይከፈትም። አራሚው ማሽን ነው። ገልባጩ ሰው የሆነው ሕጉ «ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚጠየቅ ሰው ይኑር» ስለሚል ብቻ ነው። የከተማው ሰው ከገልባጭ መኪና ጋር እያመሳሰለ፣ በመንገድ ሲያያቸው «ዛሬ አሸዋውን የት ደፋችሁት?» ይላቸዋል።

ነጂባ ኢድሪስ ከክፍሉ ሰው ሁሉ የቆየች ናት። ስምንተኛው እትም «እንደ» የሚለውን ቃል ሲከለክል ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥ የማንም ራስ እንደ ከበሮ መትቶ አያውቅም። ዘጠነኛው «ትንሽ»ንና «በጣም»ን ሲያግድም ነበረች። አሥረኛው ግን በሽተኛ ሁሉ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ በአክብሮት ይጻፍ ሲል ክፍሉ ለጥቂት ቀናት ሥራ መሥራት አቃተው፤ የማዋለጃው ወሬ የሚገለበጠው እዚሁ ነበርና። «እርሳቸው ዛሬ ጠዋት ተወለዱ። እርሳቸው ወዲያው አለቀሱ። እርሳቸው አዋላጇ ላይ ሸኑ።» ነጂባ ይህን ጽፋ ስታበቃ ከወንበሯ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነው የሳቀችው። አራሚው አረንጓዴ አበራ።

ደንቡ ከማዕከሉ አጥር ውጭም ወጥቷል። ሰው ሐኪም ጋ ከመሄዱ በፊት ቤቱ ይለማመዳል። ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ መንገደኞች አንዱ የሌላውን ሕመም ያርማሉ። የቀትር ፊሽካ ተነፍቶ ከተማው ሙቀቱን ሽሽት ወደ ምድር ቤት ሲወርድ፣ እናቶች በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ልጆቻቸውን «በጣም አትበል ብዬሃለሁ፤ በጣም ካልክ ሳንታከም ነው የምንመለሰው» እያሉ ያስጠናሉ።

የዚያን ጠዋት አንባቢዋ ኦብሴ ቶሎሳ ነበረች፤ የክፍሉ ታናሽ፣ ሳቋ ሁለተኛ ፎቅ የሚሰማ ልጅ።

«አንቀጽ አራት» አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ። «ማንኛውም ግስ ባለቤቱ ይጠቀስ። ባለቤት የሌለው ግስ ተጠያቂ የለውምና አይጸድቅም።»

ክፍሉ ለመራገም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ግን ምኑን እንደሚራገም አላወቀም።

«ይሄማ ምን ችግር አለው?» አለች ኦብሴ። «ባለቤት መኖሩ ጥሩ ነው።»

«አግብተሽ ስለማታውቂ ነው» አለቻት ነጂባ።

አቶ ልሳነወርቅ ይግዛው በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። የዘይቤ ተቆጣጣሪ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተመድበው ከመጡ ጀምሮ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን አውልቀው አያውቁም፤ ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» በሚል ከተማ ውስጥ እሳቸው የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር «እርስዎ» ይላሉ። ደንቡን የሚወዱት በምክንያት ነው። ወንድማቸው በወጣትነቱ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ተጽፎ፣ ወረፋ ሲጠብቅ ነው የሞተባቸው። ይህን የነገሩት ለነጂባ ብቻ ነው፤ እሷም ለማንም አልተነፈሰችም።

«ክቡራን» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ «ግልጽ ጽሑፍ ሰው ያድናል። መልካም የሥራ ቀን እመኝላችኋለሁ።»

ችግሩ የታወቀው የመጀመሪያዋ በሽተኛ ስትገባ ነው። ኦብሴ «ወይዘሮዋን ራሳቸውን ያማቸዋል» ብላ ጻፈች። ቀይ በራ። ከሥሩ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ማን?»

ሰው በአማርኛ ሲታመም አድራጊ የለም። ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያስለዋል፣ ያሳክከዋል፣ ይበርደዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው እስከዚያ ጠዋት ድረስ አልነበረም። አሁን አራሚው ጠየቀ። ኦብሴ «ሕመም ያማቸዋል» አለችው፤ አራሚው «ድግግሞሽ» አላት። «ራሳቸው ያማቸዋል» ስትለው «ራስ ታማሚ ነው፤ አሳማሚው ይጠቀስ» አላት። ተስፋ ቆርጣ «እግዜር ያማቸዋል» ብላ ጻፈች። አድራሻ ጠየቃት።

ረፋድ ላይ ኮሪደሩ በሰው ጢም አለ። ያልተከፈቱ የመድኃኒት ሳጥኖች ፊት ነርሶች እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። አንድ ሰው ስቅ ሲለው ሌላው «ማን?» ይለዋል፤ መላው ኮሪደር ይስቃል።

ሳቁ የቆመው ዶክተር ሚፍታህ በነጂባ ጆሮ ውስጥ ሲጮህ ነው።

«ነጂባ፣ ጻፊ! ጂብሪል ዑመር፣ ጃንጥላ ጠጋኝ፣ ሽማግሌ ሰው። ደረቱን ይወጋዋል። ወደ ግራ ክንዱ ይሄድበታል። ያልበዋል፣ ያጥወለውለዋል። ቶሎ በይ!»

ነጂባ ጻፈች፤ «አቶ ጂብሪል ዑመርን ደረታቸውን ይወጋቸዋል።»

ቀይ። «የወጋው ማን ነው?»

«ሕመም ይወጋቸዋል።»

ቀይ። «ሕመም በመዝገብ ላይ የለም። የተመዘገበ ባለቤት ይጠቀስ። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነ ለፖሊስ ያመልክቱ።»

«ሳጥኑ አልከፈት አለኝ!» አለ ዶክተር ሚፍታህ። «አቦ ነጂባ! ሰውየው እያመለጠኝ ነው! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ባለቤት በል እያለኝ ነው!»

«ታዲያ ስጪው! የፈለግሽውን ስጪው!»

ስክሪኑ ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ብልጭ ድርግም ትል ነበር። «የባለቤት ሙሉ ስም» ይላል። ነጂባ በሕይወቷ የነበራት ባለቤት አንድ ብቻ ነው፤ ጣቶቿ እሷን ሳያማክሩ ጻፉት። «ረምዚ አብዱሰላም አቶ ጂብሪል ዑመርን ደረታቸውን ይወጋቸዋል። ረምዚ አብዱሰላም ያልባቸዋል። ረምዚ አብዱሰላም ያጥወለውላቸዋል።»

አረንጓዴ በራ። በጆሮዋ ውስጥ የሳጥኑ ክዳን ሲከፈት ሰማች፤ ቀጥሎ የዶክተር ሚፍታህን ትንፋሽ፣ የነርሶችን ሩጫ። ስክሪኑን መልሳ ስታነበው ግን ከሆዷ የተነሣ ሳቅ ያዛት፤ አፏን በሻሿ ብታፍነውም አልቆም አለ።

ዶክተር ሚፍታህ ከምሳ በፊት እየሮጠ ክፍላቸው ገባ።

«ተርፏል!» አለ። «ጃንጥላ ይዘሽ ነይ እያለሽ ነው፤ በነፃ ልጠግንላት ይላል። ለመሆኑ ይሄ ረምዚ ማን ነው?»

«ባለቤቴ ነበር።»

«ምን አድርጎሽ ነው?»

«ምንም» አለች ነጂባ። «ችግሩ እሱ ነው፤ ምንም አላደረገም። ቤታችን ብርጭቆ ይሰበራል፣ ቁልፍ ይጠፋል፣ ሩዝ ያርራል። ‹ተሰበረ› ነው የሚለው። ‹ሰበርኩት› ሲል አንድም ቀን አልሰማሁም። ከዚያ ትዳራችንም ፈረሰ። ማን እንዳፈረሰው እስካሁን አልታወቀም።»

ከሰዓት በኋላ መላው ክፍል በረምዚ ይሠራ ነበር። አራሚው አንዴ ያጸደቀውን ባለቤት ያስታውሳል፤ «ረ» ስትነኪ ስሙን ራሱ ይሞላልሻል። ማንም የእናቱን ወይም የጎረቤቱን ስም ማስገባት አልፈለገም፤ ረምዚ ደግሞ እዚያው ዝግጁ ነበር።

«ረምዚ አብዱሰላም ወይዘሪት ሰላማዊትን ያሳክካቸዋል።» አረንጓዴ።

«ረምዚ አብዱሰላም አቶ በላቸውን ከትናንት ጀምሮ ስቅ ያሰኛቸዋል።» አረንጓዴ።

«ረምዚ አብዱሰላም የሕፃን ሶፎንያስን ሆድ ይነፋል። እርሳቸው በዚህ ምክንያት ያለቅሳሉ።» አረንጓዴ፣ አረንጓዴ።

ኦብሴ እያንዳንዱን ጮክ ብላ ታነብ ነበር። ገልባጮቹ ዕንባቸውን እየጠረጉ ጻፉ። ከዓመታት ወዲህ ወረፋው ያን ያህል ፈጥኖ አያውቅም። አቶ ልሳነወርቅ የሚያዩት ቀለሙን እንጂ ጽሑፉን አይደለም፤ ቢሯቸው ውስጥ ያለው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። ከአዲስ አበባ የምስጋና መልእክት ደረሳቸው። ለክፍሉ ሁለት ትልልቅ ሐብሐብ ገዝተው በራሳቸው እጅ ቆረጡላቸው።

ሐብሐቡ ከተበላ ሳምንት ሳይሞላ የከተማው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

«የጤና ማሳሰቢያ» ይላል። «በድሬዳዋ ለሚታዩት አብዛኞቹ ሕመሞች አድራጊው ተለይቷል። ረምዚ አብዱሰላም፣ ፀጉር አስተካካይ፣ መጋላ ሰፈር። ነዋሪዎች ከግለሰቡ ርቀት ይጠብቁ። ዓርብ ጠዋት ወደ ማቆያ ይወሰዳል።»

ኦብሴ ሳቀች። ከዚያ ዙሪያዋን አየችና አቆመች። ማቆያው ከከተማው ውጭ፣ በረሃው ውስጥ ነው። መግቢያውን ሁሉም ያውቃል፤ ስለ መውጫው ሲወራ የሰማ የለም።

ነጂባ በቀጥታ አቶ ልሳነወርቅ ቢሮ ገባች፤ አላንኳኳችም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «ሰውየው ማንንም አላሳመመም። ስሙን ያስገባሁት ሳጥኑ እንዲከፈት ነው። ሻረው።»

አቶ ልሳነወርቅ ጽሑፎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተው አነበቡ። የሕፃን ሶፎንያስ ሆድ ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ነጂባ መለየት አልቻለችም።

«ልሽረው አልችልም፣ ወይዘሮ ነጂባ» አሉ በመጨረሻ። «ዓረፍተ ነገሩ ከተሻረ በእሱ የተከፈተው መድኃኒት ሁሉ ይሻራል። አቶ ጂብሪል የዛሬውን ኪኒናቸውን አያገኙም። ሕፃኑም እንዲሁ።»

«ታዲያ ሰውየውን በረሃ ይውሰዱት?»

አቶ ልሳነወርቅ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ኮታቸው ጀርባው ላይ ረጥቧል። ከአፋቸው ደንቡ ቁልቁል ይወርድ ጀመር፤ አንቀጽ በአንቀጽ፣ በቃላቸው፣ ከመጀመሪያው እትም ጀምረው። ነጂባ ሰውየው አበዱ ብላ ልትወጣ ስትል ድንገት ዞሩ።

«ባለቤቱ ይጠቀስ ነው የሚለው» አሉ። «አንድ ይሁን አይልም!»

«ምን ማለት ነው?»

«ተጨማሪ ባለቤት ይፈቀዳል ማለት ነው! ጥፋቱ ለብዙ ሰው ከተከፋፈለ የእያንዳንዱ ድርሻ ከአስጊነት በታች ይሆናል! ለፀሐዩ ጃንጥላ አለዎት?»

ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምታ አታውቅም ነበር።

መጋላ ሲደርሱ ፀሐይዋ መብረድ ጀምራ፣ ሰዉ ከምድር ቤት እየወጣ ነበር። ርቀት ይጠበቅ የተባለበት ቤት በሰው ተከቧል። የረምዚ በር ከመልእክቱ ጀምሮ ከውስጥ አልከፈት ብሏል፤ እሱ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል አንገቱን አቅርቦ ቅሬታ ይቀበላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በእንክብካቤ የሚከረክም ሰው ነው። ወረፋው ፊት ላይ ወይዘሮ ኪሚያ የሚባሉ አሮጊት ሃልዋ በሳህን ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ወገቤን ተወኝ» ይሉታል። «ጉልበቴን ያዝ፤ ጉልበቴን ለምጄዋለሁ። ወገቤን ግን በአላህ ተወኝ።»

«እናቴ፣ አንቺን ዛሬ ገና ማየቴ ነው!»

«ሳታየኝ እንዲህ ካደረግከኝማ አይተኸኝ ቢሆን!» ብለው ሃልዋውን በፍርግርጉ አሾለኩለት።

ከኋላቸው የቆመ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ ጥርሱ ከትናንት ወዲያ እንደተሻለው ተናግሮ ሊያመሰግነው ነበር የመጣው።

ነጂባ ሰዉን ገፍታ መስኮቱ ጋ ደረሰች።

«ረምዚ።»

«ነጂባ! ጉዴን አየሽልኝ? እኔ እኮ ፀጉር ነው የማስተካክለው! በሩ ተዘጋ፣ ስሜ ወጣ፣ ሥራዬ ቆመ...»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ስምህን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሰው እየሞተ ነበር፣ ማሽኑ ባለቤት ሲለኝ አንተ ነህ የመጣህብኝ።»

ረምዚ ሃልዋውን ቆርሶ አፉ ውስጥ አስገባ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መስኮቱን ይዞ እስኪንበረከክ ድረስ ሳቀ።

«አብረን ስንኖር አንድ ብርጭቆ ሰበርክ ብለሽ ልታሳምኚኝ አልቻልሽም» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «አሁን ድሬዳዋን በሙሉ አሳመምክ ብለሽ መንግሥትን አሳመንሽው!»

«ረምዚ፣ ዓርብ ይወስዱሃል።»

«ሰምቻለሁ።» ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ጠፋ። ፍርግርጉን በሁለት እጁ ያዘ። «እፈራለሁ፣ ነጂባ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ብርጭቆዎቹን የሰበርኳቸው እኔ ነኝ። ሩዙንም እኔ ነኝ።»

ነጂባ በፍርግርጉ በኩል ጣቱን ያዘችው።

በዚህ መሀል አቶ ልሳነወርቅ የቤቱ ደረጃ ላይ ወጥተው ጉሮሯቸውን ጠርገዋል።

«ክቡራን ነዋሪዎች» አሉ፣ «በአንቀጽ አራት መንፈስ፣ ተጨማሪ ባለቤትነት በፈቃደኝነት ላይ ተመሥርቶ ይደለደል ዘንድ...»

«ምን ይላል ሰውየው?» አለ የባጃጅ ሾፌሩ።

«በሽታውን ተካፈሉት ነው የሚለው!» ብላ ጮኸች ተከትላቸው የመጣችው ኦብሴ። «ስማችሁን ስጡን! አንዳንድ ሕመም ውሰዱና ረምዚ ይውጣ!»

የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ኪሚያ ነበሩ።

«የራሴን ወገብ መውሰድ ይቻላል?»

«የራስን አይፈቀድም፣ እመቤቴ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «አሳማሚና ታማሚ አንድ ሊሆኑ አይችሉም።»

«እንግዲያው የጎረቤቴን ወገብ ስጡኝ። ስንት ዘመን ስታማርር የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ይገባኛል።»

ከዚያ ወዲያ ማቆም አልተቻለም። የባጃጅ ሾፌሩ ማጥወልወልን ጠየቀ፤ «መንገዱንም አነዳዴንም ታውቁታላችሁ» አለ። አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ራስ ምታትን ወሰደች፤ ተማሪዎቿ አጨበጨቡ። ሁለት እህትማማቾች በሳል ተጣሉና ደረቁንና እርጥቡን ተካፈሉት። ዶክተር ሚፍታህ ከሥራ ሲወጣ ወሬውን ሰምቶ መጣ፤ የሕፃናትን ለቅሶ ለኔ አለ፣ መርፌውን የምወጋቸው እውነትም እኔ ነኝ ብሎ። ኦብሴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስክሪኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጽፋለች፤ አረንጓዴው ፊቷ ላይ ይበራል። ከመጋላ አልፎ ከሳቢያን፣ ከለገሃሬ ሰው መጣ። «እከክ ቀርቷል?» የሚል ይጮኻል። «እከክ አለቀ! ነስር አለ!» ትላለች ኦብሴ። «ነስሩን ለወንድሜ ስጪው፣ ጠረፍ ነው ያለው፣ አይሰማም!» ይሏታል።

የጂብሪልን ደረት የሚወስድ ግን ጠፋ። ቀልዱ እዚያ ላይ ቀዘቀዘ። ሰው መሬት መሬት አየ።

«በኔ ስም ጻፊው» አለች ነጂባ።

«ስቅታውን አትንኩብኝ!» አለ ረምዚ ከመስኮቱ። «አንድ ነገር እንኳ ለራሴ ይቅርልኝ!»

ዓርብ ጠዋት ግን፣ አቶ ልሳነወርቅ ድርሻው ከአስጊነት በታች ይሆናል ቢሉም፣ የማቆያው መኪና መጣ። ሹፌር የለውም፤ ነጭ፣ መስኮት አልባ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ረምዚ ቤት ፊት ቆሞ በሩን ከፈተና ስም መጥራት ጀመረ። «ረምዚ አብዱሰላም» አለ። ቀጥሎ የባጃጅ ሾፌሩን ስም አለ። ቀጥሎ የሒሳብ አስተማሪዋን፣ ወይዘሮ ኪሚያን፣ ሁለቱን እህትማማቾች፣ ዶክተር ሚፍታህን። ሰዉ ከየቤቱ እየወጣ ሲጠራ «አቤት!» ይላል፤ ልብሱን ለብሶ፣ ልጁን አዝሎ፣ አንዳንዱም ምሳውን ቋጥሮ። መኪናው እየጠራ ቀጠለ። ስሙ አላልቅ አለው። ሰዉ መኪናው ዙሪያ እንደ ሠርግ ተሰብስቦ ያጨበጭብ ጀመር፤ የታወቀ ሰው ሲጠራ እልል ይባላል። ፀሐይዋ እየከረረች መጣች። በመጨረሻ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ፀጥ አለና፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ «ተሳፋሪ ከአቅም በላይ ነው» ብሎ በሩን ዘጋ። ወደ መጣበት ባዶውን ተመለሰ።

የረምዚ በር ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ደጃፉ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ መጀመሪያ ያደረገው ስቅ ማለት ነው።

መንደሩ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ማን?» አለው።

«እኔ!» አለ ረምዚ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ። «እኔ ነኝ!»

ነጂባ በማግሥቱ አልጋ ላይ ያለውን ጂብሪልን ልትጠይቅ ሄደች። እስከዚያ ቀን በድምፅ እንኳ አታውቀውም ነበር። ትራሱን ተደግፎ የሰበሰባቸውን የጃንጥላ ዘንጎች በሽቦ ያስራል።

«ደረትህን የወጋሁህ እኔ ነኝ» አለችው። «በመዝገብ ላይ ማለቴ ነው።»

ጂብሪል ከላይ እስከ ታች አያት።

«አንቺ ነሽ? በይ ቁጭ በይ» አለ። «የወጋኝ ሰው ቆሞ አይሄድብኝም። ምሳ በልተሻል?»

እሷ ብቻ አልነበረችም። የባጃጅ ሾፌሩ የሚያጥወለውላቸውን ሰዎች ስም ከኦብሴ ጠይቆ፣ ገበያ ሲሄዱ በነፃ ያደርሳቸው ጀመር። የሒሳብ አስተማሪዋ ራሱን የሚያመው ሰው ቤት እየሄደች መጋረጃ ትዘጋለች። ወይዘሮ ኪሚያ የጎረቤታቸውን ወገብ በየማታው በዘይት ያሹ ነበር፤ በፊት በግንብ ላይ ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። ታማሚ ቤት የሚመጣው እንግዳ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ሳሉ እኔ ነኝ» ወይም «ጉልበቱ እኔ ነኝ» ይላል፤ ይገባል። ያመመው ሰው ብቻውን የሚተኛበት ቤት ከተማው ውስጥ እየጠፋ ሄደ።

አሥራ ሁለተኛው እትም የመጣው ከዝናቡ በፊት ነው። አጭር ነበር። አንቀጽ አራት ተሠርዟል፤ ምክንያቱ አልተጠቀሰም። ኦብሴ አነበበችው፤ ክፍሉ የሚራገመው አጥቶ እርስ በርሱ ተያየ። «ያማቸዋል» ብላ ነጂባ ሞከረችው። አረንጓዴ በራ። ማንም ማንንም ሳይከስ ሰው እንደ ድሮው መታመም ቻለ።

ነገር ግን ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ወደ ድሮው ልማዱ አልተመለሰም። በሽተኛው ዶክተር ሚፍታህ ፊት ይቀመጥና «አዞረኝ፤ ማን ጋ ልሂድ?» ይላል። ኦብሴ ትነግረዋለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ነጂባ ራሷ ተኛች። ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጣት አድሮ ጠዋት ከአልጋዋ መነሣት አቃታት። ሥራ እንደማትገባ ተናገረችና ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተኛች። ትኩሳት የማን ድርሻ እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ በዚያ የመጋላው ማታ ኦብሴ ብዙ ስም ነው የጻፈችው።

ከቀትር ፊሽካው ጥቂት ቀደም ብሎ በሯ ተንኳኳ። ግድግዳውን እየተደገፈች ሄዳ ከፈተች።

አቶ ልሳነወርቅ ይግዛው ደጃፏ ላይ ቆመዋል፤ ኮት ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው ሎሚ በፌስታል፣ በሌላው የተሸፈነ የሾርባ ሳህን ይዘው። ላባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ነጂባ» አሉ። «ያተኮስኩዎት እኔ ነኝ። መግባት ይፈቀድልኛል?»

ነጂባ የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች። ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ሥር ሳቋ እየመጣ ነበር።

«ግባ አቦ!» አለች። «ምን ትጠብቃለህ?»